የትምህርት ቤቱ ዘበኛ

አይናለም ያየህ በሰሜን ጃፓን፣ ሩዝ በሚመረትባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ፎገራ ውስጥ ቁሐር ሚካኤል ተወልዳ፣ ወረታ ተምራ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ከሄደችበት አገር እዚያው ሥራ ይዛ ቀረች። አራት ዓመት ሆናት። ጠዋት ከበሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፤ ምሳዋን ከልጆቹ ጋር ትበላለች፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከእነሱው ጋር ተንበርክካ የክፍሉን ወለል በጨርቅ ትወለውላለች። ዋናው ሥራዋ ግን ድምፅዋ ነው። እሷ ትላለች፤ ሠላሳ ልጅ ተከትሎ ይላል።

ለዚያ ድምፅ ብዙ ለፍታለች። ሊቀጥሯት ሲሉ ርእሰ መምህሩ «ይህን የመሰለ አነጋገር ከየት አገኘሽው?» ቢሏት «አሜሪካዊት አስተማሪ ነበረችኝ» አለች። አሜሪካዊት አስተማሪ በዓይኗም አይታ አታውቅም። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሯት መምህር ቢሻው ናቸው፤ «እስኩል»፣ «እስቱደንት» እያሉ። መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ በነበረበት ጊዜ ሰዋስዉን በእጃቸው ገልብጠው ሰጥተዋታል። መስከረም ላይ፣ የክረምቱ ውሃ ገና ከፎገራ ሜዳ ሳይሸሽ ትምህርት ሲከፈት፣ ከቁሐር መመላለስ ስለማትችል ከልጆቻቸው ጋር ከቤታቸው አሳድረዋታል። ጃፓን ከገባች በኋላ ግን የእሳቸውን ድምፅ ከአፏ ለማስወጣት ከመስታወት ፊት ቆማ ስትታገል ከረመች።

ዘንድሮ ግንቦት የአባቷን ተዝካር ለማውጣት ፈቃድ ወስዳ መጣች። ተዝካሩ እንዳለፈ አብራት የምታስተምረው ጃፓናዊት፣ መምህርት ኦኩዳ፣ ደወለችላት። ልጆቻችን ከተማርሽበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በቪዲዮ እየተያዩ ቢያወሩስ? አለቻት። አይናለም ደስ አላት። የወረታው ርእሰ መምህርም እሺ አለ፤ ቀኑ ተቆረጠ።

በቀጠሮው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላፕቶፑን ከበው ተቀመጡ። ጃፓን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ በየተራ ስማቸውን ተናገሩ፣ ዘፈን ዘፈኑ፣ ስለ ሩዝ ተጠያየቁ። ነገሩ ሁሉ ሠምሮ ሳለ በሩ ተንኳኳ። መምህር ቢሻው ገቡ። ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ርእሰ መምህሩ ደስ ይበላት ብሎ ሳይነግራት ጠርቷቸው ኖሯል። በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ይዘዋል።

አይናለም ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ቀድመው አቀፏት። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብለው ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ማይ ዲር እስቱደንትስ» አሉ።

ጃፓን ያሉት ልጆች ሳቁ። ምናልባት የሳቁት ደስ ብሏቸው ነው፤ አይናለም ግን ላብ አጠመቃት። ኦኩዳ በጃፓንኛ «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» ስትል ጠየቀቻት። ያቺ የፈጠረቻት አሜሪካዊት ትዝ አለቻት። ደግሞ ወረቀቱ ላይ ስሟ ተጽፎ ታያት፤ ሊያነቡት ነው።

«የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው» አለች በጃፓንኛ። እዚያ ክፍል ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም።

ኦኩዳ ግን ጨዋ ናት። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ «ጌታዬ፣ የአይናለምን ትምህርት ቤት ስለሚጠብቁ እናመሰግናለን። ጥሩ ዘበኛ ትልቅ ነገር ነው» አለች።

ከወረታ ልጆች መካከል አንዳንዱ ገባውና መንሾካሾክ ተጀመረ። መምህር ቢሻው ወደ አይናለም ዞረው አዩዋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ወረቀቷን አጣጥፈው ከኪሳቸው ከተቱና በእንግሊዝኛ መለሱ፦

«አመሰግናለሁ፣ እሜቴ። ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

ከዚያ ተማሪዎቹን በእጃቸው ተሰናብተው ወጡ።

አይናለም የቀረውን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው እማማ ደብሬ እንደ ወትሮው ስመው አልተቀበሏትም፤ «ከጓሮ አለ» ብቻ አሏት። መምህር ኮታቸውን አውልቀው የበሬ ጠፍር ያለሰልሳሉ።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ቆማ።

«ዘበኛ መባል ነውር የለውም» አሉ ቀና ሳይሉ። «የእኛው ዘበኛ ዘመነ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። ነውሩ፣ አይገባውም ብለሽ አጠገቤ ቆመሽ በሰው ቋንቋ መናገርሽ ነው።»

«ደንግጬ ነው።»

«ከምን?»

ስለ አሜሪካዊቷ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እነዚያ ልጆች አሁንም ዘበኛ እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት፤ አይደለም?»

«አዎ፣ መምህር።»

«እንግዲያ ይቅርታሽን እዚህ ምን አመጣው?» አሉና ወደ ጠፍራቸው ተመለሱ።

ወደ ጃፓን በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ከክፍሏ ፊት ቆመች። እኚያ ሰው ዘበኛ እንዳልሆኑ፣ እንግሊዝኛ ያስተማሯት እሳቸው እንደሆኑ፣ አሜሪካዊት የሚሏት እንዳልነበረች ተናገረች። ኦኩዳ ወለል ወለሉን ታይ ነበር፤ በሰው ፊት «ዘበኛ» ብላ ያመሰገነችው እሷ ናትና እሷም አፈረች። ሚዮ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ ጠየቀች፤ አይናለም መለሰችላት። ርእሰ መምህሩም ጠርተው «ያኔ እውነቱን ብትነግሪኝም እቀጥርሽ ነበር» አሏት። ከሥራዋ አላስወጧትም፤ እንደ ድሮው ግን ከእሷ ጋር አይቀልዱም።

ወደ ወረታ ሁለት ጊዜ ደወለች። ሁለቱንም ጊዜ እማማ ደብሬ አንሥተው «እርሻ ላይ ነው» አሏት። በሦስተኛው እሳቸው አነሡት።

«ለልጆቹ ነገርኳቸው» አለች።

«ምን አሉ?»

«አንዲት ልጅ ‹ለምን ዋሸሽ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አፍሬ ነው አልኳት።»

«በማን?»



«በእርስዎ» አለች።

ከወዲያ በኩል በሬ ሲጮህ ይሰማል። መምህር ቢሻው «እውነቱን ነግረሻታል» አሉ። ከዚያም ዝናቡ ቀድሞ እንደገባ፣ የታችኛውን ማሳ ዘርተው እንደጨረሱ፣ የላይኛው እንደቀራቸው አጫወቷት። እሷም አዎ፣ አዎ እያለች አዳመጠቻቸው።