እሷ ናት

«እጁስ እስከ መጨረሻው አልከዳውም» አለ አንድ ጎረቤት ሻዩን እያማሰለ። «ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ፣ ተኝቶ እንኳ ሚስቱ የመረጠቻትን ካርታ ከመሃል መዥረጥ አድርጎ አወጣላት። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

ለቅሶኛው «ነፍሱን ይማረው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። የሟቹ ጋዜጠኛ ሚስት ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች አቀረቀረች። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የሰዉ ድምፅ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማት። የከሰዓቱ ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ ወለሉ ላይ ስትንሳፈፍ፣ አልፎ አልፎ የባሏ ጣቶች ካርታ ሲበውዙ የምታይ ይመስላታል።

ጎረቤቱ ያየው ትርኢት ግን ውሸት ነበር፤ የዋሸችውም እሷ ራሷ ናት።

ባሏ ወሬ ፍለጋ ወጥቶ ሰው አፉን ሲዘጋበት፣ ከኪሱ ካርታ አውጥቶ «እስቲ አንድ ምረጥ» ይል ነበር። ሰውየው ተገርሞ ሲስቅ ወሬውም ይከተላል። በካርታ ያታልል እንጂ በአፍ መዋሸትን እንደ መርዝ ነው የሚጠላው። ታናሽ ወንድሙን በአንዲት ውሸት ሁለት ዓመት አኩርፎታል። እሷንም ሲያገባት የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ «ሌላው ይቅርብኝ፣ ብቻ አትዋሺኝ።»

ከታመመ ወዲህ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አንድ ቀን እሷ ቀይ ሰባት መርጣ፣ እሱ ጥቁር ንግሥት አወጣላት።

«ይህቺ ናት?»

በጉጉት የሚጠብቅ ፊቱን አየች። «እሷ ናት» አለችው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «እሷ ናት» ሆነ። በመጨረሻው ቀን ግን እንደዚያ ስትለው ትክ ብሎ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ አረፈ። ነቅቶባት፣ ተቀይሟት የሞተ መሰላት። ሰው ሁሉ በሞቱ ያጽናናታል፤ እሷን ውስጥ ውስጡን የሚበላት ግን ይሄ ነው።

አመሻሽ ላይ የጋዜጣው አራሚ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የባሏን ጽሑፍ ስሕተት ሲለቅም ያረጀ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በዚያ በመጨረሻው ቀን አልጋው አጠገብ ከነሱ ጋር ነበር።

«ጋሼ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ያን ቀን እኔ ውሃ ላመጣ ስወጣ ምን አለዎት? ተቀይሞኝ ነበር አይደል?»

«በምን?»

«ስዋሸው ከርሜ።» የካርታውን ነገር ሳትደብቅ ነገረችው።

አራሚው መነጽሩን አወለቀ። «እሱማ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ‹ስንቱን ውሸታም ስጠይቅ ኖሬ የሚስቴ ይጠፋኛል? ግን ተዋት፣ ከእንግዲህ አስማተኛዋ እሷ ናት› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ፊቱን ለምን አዞረብኝ?»

«ሊስቅ ነዋ፣ ደረቱን እያመመው። ያን ቀን እኮ ልጄ፣ ካርታዋን ገና ሳይገለብጣት ነው ‹እሷ ናት› ያልሽው። ጀርባዋን ብቻ አይተሽ።»

አፏን በሻርፗ አፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታላቅ እህቷ ከወዲያ ማዶ መጥታ ጀርባዋን እየዳበሰች «አልቅሺ እህቴ፣ ይውጣልሽ» አለቻት።

እሷ ግን እየሳቀች ነበር። እንዲህ ያለ የሚያስቅ ነገር ስትሰማ ደግሞ የዕድሜ ልክ ልማዷ አንድ ነው፤ ሮጣ ለባሏ መንገር። ዓይኗን እየጠረገች፣ ወደ መኝታ ቤቱ እያየች፣ ልትነግረው ከፍራሹ ብድግ አለች።