የተቆረጠው አሥራ አንድ ደቂቃ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ "ኮምፒውተርን መዋሸት" እላለሁ። መኪና ላይ የሚገጠመውን መንገድ ጠቋሚ ሶፍትዌር ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እፈትነዋለሁ፤ ግን ከወንበሬ አልነሳም። በእውነተኛው የሳተላይት መቀበያ ፈንታ የውሸት መቀበያ አለን። ሹፌር ነድቶ የቀዳውን ጉዞ አጫውትለታለሁ፤ ጎዳና ላይ ያለ መስሎት "ወደ ቀኝ ይታጠፉ" ይላል። ሞኝ ነው፣ የሰጡትን ያምናል።

ሹፌሩ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ትምህርቱን ትቶ መሪ ሲጨብጥ እናቴ ጨሰች፤ "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!" አለችው። እሱ እልኸኛ፣ እሷ እልኸኛ። "ይበርድላቸዋል" ስል ስድስት ወር አለፈ። ከዚያ መኪናው ተገለበጠ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ የምታለቅሰው አንዲት ነገር ነው፤ "አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይል!"

"አጥፋው" በሚል ቅጽል ስም የምንጠራው አለቃችን ትናንት፣ አሮጌ ቅጂዎች ቦታ ስለያዙ ነገ ይጥፉ አለ።

"ወንድሜ ቀድቶ የላከልኝን የመጨረሻ ጉዞ ልየውና" አልኩት።

"እንዳሻሽ፣ ግን ቶሎ በይ።"

እኛ ፈታኞች ቅጂ ሲደርሰን መጀመሪያ መኪናው የቆመበትን ቆርጠን እንጥላለን። የቆመ መኪና ምን ይፈተናል? ደግሞ መቀበያው ባለበት ሲቆም ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ትቅበዘበዛለች፤ "ስሕተት" ብለን እንሰርዛታለን። የእሱንም የቆረጥኩት እኔው ነኝ፣ በዚህ እጄ፣ የት እንደቆመ እንኳ ሳላይ።

ዛሬ ጠዋት ያልተቆረጠውን ዋና ቅጂ ከፈትኩ። ነጥቧ ከታዘዘላት መንገድ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ታጠፈችና ቆመች። የእናቴ ሰፈር! ከዚያ በሰው እርምጃ ከመንገዱ ተነስታ እስከ እናቴ በር ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ሦስት ጊዜ። ጉዞውን የሚቀዳባት መቀበያ የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ ሁሌ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር የሚይዛት። ምን መቅበዝበዝ ነው ይሄ? እሱ ነው እንጂ! አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ሄደ። "አንተ እልኸኛ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ግን የቆረጠው ማን ሆነና? ሁለት ዓመት እናቴን ያስለቀስኳት እኔ ነኝ።

ቅጂውን በላፕቶፕ ይዤ እናቴ ዘንድ ከነፍኩ።

"እማ፣ መጥቶ ነበር" አልኳት። ነጥቧን አሳየኋት፣ "ይቺ እሱ ናት፣ ይሄ በርሽ ነው።"

መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየች። "መቼ ነው?"

"ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው። ከሰዓት በኋላ።"

"ቤት ነበርኩ" አለች። ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና፣ "ካባረርኩት ቀን ጀምሮ እኮ በሩን ቆልፌው አላውቅም። ገርበብ ነው የማደርገው። ድገሚው እስቲ።"

ደገምኩት። ነጥቧ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ በሩ ስትጠጋ እናቴ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው።

"ግፋው እንጂ የኔ ልጅ" አለችው፣ "ክፍት ነው።"