የቀኛዝማች አሻግሬ ቀይ ዶቅዶቄ

ቀኛዝማች አሻግሬ በመካነ ሰላም ዙሪያ በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር፤ በመሬታቸው ስፋትና ዳገት የማትወጣ በቅሎ በመሸጥ። ደካማዋን በቅሎ ቁልቁል እያስጋለቡ ያሳዩና፣ ገዢው ከሄደ በኋላ ጠላቸውን እየጠጡ «በቅሎ በቁልቁለት አትገዛም፣ ሞኝ!» እያሉ ይስቁበታል። እንዲህ ከተሳቀባቸው አንዱ የጎረቤታቸው የኑርጃን ባል፣ ሟቹ ጠሃ ነበር።

በስድሳ ሰባት የካቲት ላይ ራዲዮ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ አለ። አዋጁን ለማስፈጸም የሚመጡት ዘማች ተማሪዎችም መንገድ ጀምረዋል ተባለ። ቀኛዝማች እንቅልፍ አጡ። ተማሪዎቹ ሳይደርሱባቸው ደሴ መግባት አለባቸው፤ በቅሎ ደግሞ ታዘግማለች። ያን ጊዜ በኑርጃን ጓሮ የቆመው ዶቅዶቄ ትዝ አላቸው። አሥመራ ላይ ሲሽቀዳደምበት የኖረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ትቶት የሄደ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ነው።

እንደ በቅሎ መረመሩት። ጎኑን መታ መታ አደረጉ፣ ኮርቻውን ዳሰሱ፣ ጎማውን እንደ ሰኮና አንስተው አዩ። መሪው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲቀመጡበት በደረታቸው ተደፉ።

«ይኼ ለማን ነው የሚያሰግደኝ?»

«ለነፋስ ነው ጌታዬ» አለች ኑርጃን። «ቁልቁል ይሞክሩት። ቤንዚን በመከራ ነው የሚገኝ፣ ምን ያባክኑታል?»

ነገሩ ብልህነት መሰላቸው። ወደ ገበያው ቁልቁል ተለቀቁ፤ ካባቸው ተንሳፈፈ፣ ልባቸውም አብሮ። ጭሰኞቻቸው ገፍተው ሲመልሷቸው «ስንት?» አሉ።

«ብር አልሻም። ገብስ።»

«ገብስ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ከጉድጓድዎ።»

የእህል ጉድጓዱ የለም ተብሎ ተምሎበታል። በክፉ ቀን ጭሰኛው ንጉሡ ለታመመች ልጁ አንድ ቁና ገብስ ሲለምን፣ «ማርያምን፣ ፍሬ የለኝም» ብለውታል። ልጅቱ ተቀበረች፤ እሳቸውም ለቅሶ ደርሰው «እግዜር ያጥናህ» አሉት። አሁን ግን ዘማቾቹ ቢያገኙት መወረሱ አይቀርም። ጉድጓዱ ተከፈተ። ንጉሡ ከነጓደኞቹ ጆንያውን አንድ በአንድ እያወጣ ደረደረ። ቀኛዝማችም እፍረት ቢጤ ሽው አለባቸውና፣ ቀዩን ዶቅዶቄ ሲያዩት ለቀቃቸው።

በማግስቱ ሽጉጣቸውን ታጥቀው፣ ቤንዚኑን ለዳገት ቆጥበው፣ ረጅሙን ቁልቁለት ወረዱ። ደሴ የገቡ ያህል ደስ አላቸው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዶቅዶቄው ቆመ። ማስነሻውን ረገጡ፤ ዝም። ደጋግመው ረገጡ፤ ዝም። ከፊታቸው ያለው ዳገት ነው።

ከኋላ ንጉሡ የድርሻውን ገብስ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ደረሰባቸው። ኑርጃን ገብሱን ለጎደለበት ሁሉ፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ በነጻ እያከፋፈለች ነበር።

«የሞተሩን የሆድ ዕቃ ጣሊያኑ ያኔውኑ አውጥቶ ወስዶታል ጌታዬ» አላቸው ቆም ብሎ። «ኑርጃን ካገኘሃቸው ንገርልኝ ብላለች፤ በቅሎ በቁልቁለት አትገዛም።»

ቀኛዝማች ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። ከላይ ከከተማው በኩል የመኪና ድምፅና የብዙ ወጣት ዘፈን ይሰማል።

«ንጉሡ ልጄ፣ ግፋኝ። እስከ አናቱ ብቻ።»

ንጉሡ ጆንያውን በጫንቃው ላይ አመቻቸ።

«ጉልበት በእህል ነው ጌታዬ» አለ። «እህል ደግሞ፣ በማርያም ምለው፣ የለም ብለውኛል።»

ዳገቱንም ብቻውን ተያያዘው።