የሚያዝን እጅ

እና አይሠራም ተባለ፣ እንዲህ በቀላሉ፣ አዲሱ መድኃኒት አይሠራም፣ እንዲያውም ሳይጎዳ አይቀርም፣ ጋሼ፣ የሆስፒታሉ አንጋፋ ሐኪም፣ ይህን የሚሉት በዚያ በሚያባብል ድምፃቸው ነው፣ ለበሽተኛ ቤተሰብ ክፉ ወሬ በሚያረዱበት ድምፅ፣ ግድግዳው ላይ በተዘረጋው የቁጥር ሥዕል ሁለት ዘንጎች ቆመዋል፣ አጭሩ በነባሩ መድኃኒት ብቻ ታክመው የሞቱት፣ ረጅሙ አዲሱ ተጨምሮላቸው የሞቱት፣ ዘንጎቹን የሳለቻቸው እሷ ናት፣ ወጣቷ ሐኪም፣ ቀለማቸውንም የመረጠችው እሷ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ሰው ብርቱካናማ ሆኖ ይሞታል እንዴ፣ ምን ነክቷት ነው።

ዝም በይ። ዝም ካልሽ ትመረቂያለሽ።

ጥናቱ የመመረቂያ ጽሑፏ ነው፣ የባዮስታቲስቲክስ፣ የሕክምና ስሌት፣ ሁለተኛ ዲግሪዋ፣ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ ሰዎች፣ በእጣ ግማሹ ነባሩን ብቻ፣ ግማሹ አዲሱንም፣ ስብሰባው ደግሞ የተጠራው ለመወሰን ነው፣ ጋሼ አሁን ተናግረው ሲጨርሱ እጅ አውጡ ይላሉ፣ ይቅር የምትሉ፣ እጆች ይወጣሉ፣ መድኃኒቱ ይቀራል፣ የወደቀ መድኃኒት ማን ያነሣዋል፣ ማንም፣ ሲሠራ የነበረ ቢሆንስ፣ ቢሆንስ ብሎ የሚጠይቅ በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ፣ እሷም ዝም ብላለች።

ሳንቲም ቢኖር ምን ይል ነበር። ሳንቲም የሚሉት የቁጥር መምህሯን ነው፣ ቀጭን፣ ሐኪም ያልሆነ፣ በሐኪም የማይደነግጥ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቶ እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይል ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ይቺ እናንተ ያላችሁ ምን የላትም አለ፣ ተማሪዎቹ ተያዩ፣ አንዱ ደመወዝ አለ፣ ተሳቀ፣ እሱ አልሳቀም፣ ሐዘኔታ የላትም አለ፣ ሽማግሌ ሲያቃስት አትሰማም፣ ለዚህ ነው ተወርውራ ሰዎችን ሁለት ቦታ ስትከፍል እኩል የምትከፍለው፣ በምታውቁትም ነገር፣ በማታውቁትም። በማታውቁትም ያለውን ያን ቀን አልጻፈችም፣ ሐኪም የማያውቀውን ነገር ደብተር ላይ አያሰፍርም፣ ልማድ ነው፣ የመጀመሪያውንም ፈተና ወደቀች፣ አማካይ ምንድን ነው ሲባል ቀመሩን ጽፋ ትርጉሙን ስታ፣ አማካይ ማለት በሕይወት የሌለ፣ ተወልዶም የማያውቅ ሰው መሆኑ የገባት ቆይቶ ነው።

እናቷማ ጭራሽ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሕክምና ተምረሽ ደግሞ ቁጥር፣ ሰው ማዳኑ ሰለቸሽ ወይ፣ ለጎረቤት ምን ልበል፣ ልጄ ቆጣሪ ሆነች ልበል፣ እንደ መብራት። ስቃ ነበር ያኔ። ሂጂ ተማሪ ብለው የላኳት ጋሼ ናቸው፣ ራሳቸው፣ እኛ ሽማግሌዎቹ በእጃችን እንጂ በቁጥር አናውቅም፣ አንቺ ታስተምሪናለሽ አሉ፣ የምክር ደብዳቤውንም በእጃቸው ጻፉ፣ ማዳመጫ ደረት ላይ ከማሳረፍሽ በፊት በመዳፍሽ አሙቂው ብለው ያስተማሯት እኚሁ ሰው፣ አሁን እኚህን ሰው፣ በዚህ ሁሉ ጋውን ፊት።

ተይው።

እንዴት ትተወው፣ የሁለቱን ቡድኖች ዕድሜ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ አዲሱን ያገኙት አረጋውያን ሆኑባት፣ ነባሩን ያገኙት ጎረምሶች፣ መጀመሪያ የገዛ ስሌቷን ጠረጠረች፣ ደገመችው፣ ኮምፒውተሩን ጠረጠረች፣ ከዚያ እጣውን፣ እጣ ያጋድላል፣ ያጋድላል እንጂ እንዲህ አይንጋደድም፣ ወደ ዎርዱ ወርዳ ሲስተርን ጠየቀች፣ ፖስታዎቹን የምትጠብቀው እሷ ናት፣ የታሸጉ፣ ተራ ቁጥር ያላቸው፣ በሽተኛ ሲገባ አንድ ይከፈታል፣ ውስጡ አዲስ ወይም ነባር የሚል ወረቀት፣ ሲስተር ሳትደብቅ፣ ሳታፍርም ነገረቻት፣ ጋሼ ፖስታውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ይዘረጉታል፣ ብርሃን ላይ ያዩታል፣ ደካማ በሽተኛ ከሆነና ነባር ካለ ወደ ታች ይመልሱታል፣ ሌላ ያነሣሉ፣ ምን አጠፉ እቴ፣ ለደካማው አዘኑ እንጂ።

ወደ መስኮቱ። ልክ እንደ ራጅ። ያ ክንድ ዕድሜ ልኩን ወደዚያ መስኮት ሲነሣ ኖሯል፣ የስንቱን ሳንባ አይቶበታል፣ ማን ልብ ይበል፣ የቀረ ፖስታ ተቀብላ እሷም ዘረጋችው፣ ስስ ነው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ርካሽ ፖስታ፣ ነባር የሚለው ቃል ተገልብጦ ታያት፣ ነ፣ ባ፣ ር፣ እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ስለዚህ ረጅሙ ዘንግ መድኃኒቱ አይደለም። የጋሼ ደግነት ነው። ሊሞት የተቃረበውን ሁሉ ወደ አዲሱ ሲልኩ፣ ሟቹ ሁሉ ከአዲሱ ስም ሥር ተሰለፈ፣ መድኃኒቱ በጠና የታመሙትን ተሸክሞ ገደለ ተባለ፣ የዕድሜውን ልዩነት አስተካክላ አሰላች፣ የዘንጎቹ ልዩነት ጠበበ፣ ሲገቡ የነበራቸውን የኦክስጅን መጠን ስሌቱ ውስጥ አስገባች፣ ይበልጥ ጠበበ፣ ከዚያ ቆመ፣ ምክንያቱም ጋሼ የሚያዩት ቅጽ ላይ የለም፣ የከንፈር ቀለም፣ የዓይን መክሰም፣ በሽተኛው ሰው ሲገባ ቀና ማለቱን መተዉ፣ ይህን የሚያይ ዓይን ቀመር ውስጥ አይገባም፣ ሰነፍ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ ጥናቱ በተረፈ፣ ያበላሸው ጉብዝናቸው ነው፣ ከዚህ ወዲያ ማስላት ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ትናንት ቢሯቸው ገብታ ነገረቻቸው። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ በቀለላት፣ ወንበር ሳቡላትና፣ ልጄ፣ እዚያ አልጋ ላይ የተኛው አባትሽ ቢሆን ፖስታውን አታዪም ነበር አሉ። እንደ ተማሪ አቀርቅራ ወጣች። መልሱ የመጣው ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ነው፣ መልስ ሁልጊዜ ወጥታ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ነው የሚያገኛት፣ አያለሁ ጋሼ፣ ያለጥርጥር አያለሁ፣ ለዚህ ነው ፖስታው እኔም እጅ መግባት የሌለበት።

ምን ሆነሻል ይላል አጠገቧ የተቀመጠው ጥድፊያ፣ ሲሮጥ እንጂ ሲራመድ ታይቶ የማያውቀው የሥራ ባልደረባዋ፣ አፉን በእጁ ከልሎ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል፣ ሁላችንም እናውቃለን እኮ፣ ተመረቂና ገላግይን፣ ዝም አይነቅዝም። ይነቅዛል፣ ትላለች በሆዷ፣ ነቅዞ ይኸው ግድግዳ ላይ በቀለም ተስሏል፣ ሁላችንም እናውቃለን ካልክ ሁላችሁም ለምን አትናገሩም፣ ወንድሜ።

በሉ እጅ እናውጣ፣ ይላሉ ጋሼ፣ ይቅር የምትሉ።

እጆች መውጣት ይጀምራሉ፣ ዳር ካሉት፣ ከዚያ መሐል ካሉት፣ የጥድፊያም ከሁሉ ፈጥኖ፣ የእሷ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጠረጴዛውን እየገፋ ነው፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆማለች፣ ቆማለች እንዴ፣ አዎ፣ የክፍሉ ጣሪያ ቀረብ አለ።

አናውቅም፣ ትላለች።

ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ወፍራም ነው፣ የሌላ ሰው፣ ደግማ አናውቅም ትላለች፣ ይህ ጥናት መድኃኒቱ ይጎዳል አላለም፣ ይጠቅማልም አላለም፣ በጠና የታመሙት ወደ አንድ ወገን ስለተሰበሰቡ ምንም ሊለን አይችልም፣ እጣው ከመከፈቱ በፊት ታይቷል። ማን አየው፣ ይላል ከኋላ አንድ ሰው፣ እንዳላወቀ፣ እና ስንት የተነሡ እጆች አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ፣ ማውረድም ማቆየትም ከብዷቸው፣ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እኔ ነኝ አሉ፣ ሰዓት ተጠይቀው እንደሚመልሱ ሁሉ፣ እኔ ነኝ ያየሁት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ ያንቺም ጽሑፍ ነው።

አውቃለሁ ጋሼ፣ አብሮ ይውደቅ።

ይኸው አለችው፣ ዲግሪው ሄደ፣ እናቷ ከጎረቤት ወሬ ተገላገለች፣ ቆጣሪዋ ሳትቆጥር ቀረች፣ ግን አልሄደም የሚል ነገር ደረቷ ውስጥ አለ፣ ግትር ነገር፣ ሄዶም ቢሆን ይሂድ የሚል፣ እንግዲህ ምን ይሁን ይላሉ ጋሼ፣ እንደገና እንጀምር ትላለች፣ እጣው እዚህ ሆስፒታል አይቀመጥ፣ በሽተኞቻችንን የማያይ ሰው በሩቅ ይያዘው፣ በስልክ እንጠይቀው፣ የነገረንን እንስጥ። እኔ እንዳልነካው ማለትሽ ነው ይላሉ ጋሼ። በዚህ ጥያቄ ላይ ክፍሉ ሁሉ መልሱን አለስልሺው እያለ ይለምናታል፣ ሲስተር በሩ አጠገብ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጥድፊያ ጋውኗን ይጎትታል፣ ማለስለስ ትችላለች፣ ሕይወቷን ሙሉ ስታለሰልስ ኖራለች፣ ሐኪም ማለት ማለስለስ ነው።

እርስዎ እንዳይነኩት፣ ትላለች።

መነጽራቸውን መልሰው አላደረጉም፣ አልተቆጡም፣ አልተስማሙምም፣ የተነሡት እጆች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ ማን መጀመሪያ እንዳወረደ አላየችም፣ ቁጭ በይ እንጂ ይላል ጥድፊያ፣ ሁሉም እያየሽ ነው እኮ፣ ይየኝ፣ የራሱ ጉዳይ፣ እየታየም ሰው ይቆማል፣ የጋሼን መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም፣ አልቀመጥም