በረሮ የሌለበት ቤት

ተመራማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ እርር ድብን ብላለች። በረሮ መርዝ ተረጭቶበት የማይሞተው፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም መርዙን ሰባብሮ ስለሚጥልለት ነው። የትኛው ኢንዛይም? ይህን ለማወቅ ስድስት ወር ፈጅታ አንዲት ብልቃጥ ኬሚካል ሠርታለች፤ ሥራ ላይ ያለውን ኢንዛይም ለይቶ ይጣበቅበትና ያበራል። ከማቀዝቀዣ ከወጣ ግን የሚቆየው እስከ ማታ ነው። ዛሬ አወጣችው፤ ዞር ብላ ብታይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያረባቻቸው በረሮዎች ድራሻቸው ጠፍቷል። የሣጥናቸውን ክዳን ማን እንደከፈተው የሚናገር የለም።

መድኃኒት የማይበግረው በረሮ የት እንዳለ ግን ታውቃለች፤ እናቷ ወጥ ቤት። «ከአለቃዬ ጋር እየመጣን ነው» ብላ ለእናቷ ደወለችና ከነፈች።

አለቃዋ መኪናውን እስኪያቆሙ እሷ ቀድማ ገባች።

«እማዬ፣ በረሮ ፈልጌ ነው።»

እናትየው ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ድርግም አድርገው ዘጉት። «እኔ ቤት? በረሮ? ምን ነካሽ አንቺ!»

«አብሬያቸው ነው ያደግኩት እኮ!»

«ስም አታጥፊ። ደግሞ እንግዳ ይመጣል ስትዪኝ ሁለት ቆርቆሮ መድኃኒት ረጭቼ...» ሳል አቋረጣቸው።

ወጥ ቤቱ ዓይን ያቃጥላል። ልጅቷ ራሷን ይዛ «ወይኔ!» አለች። ተንበርክካ ምድጃውን ሳብ ስታደርገው ግን ሠላሳ የሚሆኑ በረሮዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ውር ውር ይላሉ።

«አንዱም አልሞተም! እማዬ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትረጪው?»

«በየቀኑ ነዋ። አልጋው ሥርም።» እንደገና ሳሉ፤ ግድግዳውን ተደገፉ። «እነሱስ መርዙን ሰባብረው ይጥሉታል ብለሽኝ ነበር። እኔስ ልጄ?»

ስለ በረሮ ሆድ ሦስት ዓመት ስትተነትን የኖረች ሴት፣ ስለ እናቷ ሳል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። በራሷ በገነች። መስኮቱን በርግዳ ከፈተች፤ የእናቷን ነጠላ አነሳች።

አለቃዋ ለበረሮዎቹ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ። «በረሮዎቹ አሉ?»

«ሞልተዋል። እኔ እናቴን ሐኪም ቤት ልወስድ ነው።»

«ኬሚካሉስ? ያላንቺ ማን ይቀላቅለዋል? እስከ ማታ እኮ ነው!»

«ይበላሽ!»

እናትየው ልጃቸው የያዘችውን እጃቸውን ሊያስለቅቁ ታገሉ። «ምድጃውን መልሺው! እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ!»

መንገድ ላይ ያለው የአለቃዋ መኪና ጋ እስኪደርሱ እናትየው ሦስት ጊዜ ቆመው ሳሉ።