ስምንተኛዋ መኪና

ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ የረጂው ድርጅት ሰው ከደሴ መጥቶ ስምንት የስፌት መኪና በዓይኑ ካላየ፣ ለወጣት ማኅበራችን የሚሰጠው ድጋፍ ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል። እሑድ ከሰዓት በእጄ የነበረው ስንት ነው? አንድም አልነበረም።

መኪኖቹ አልጠፉም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የማኅበሩ ሊቀመንበር አያሌው በጋሪ ጭኖ በየሰዉ ቤት ደበቃቸው። ጋሪውን የነዳሁት እኔ ራዚያ ነኝ። በየደጁ «በማኅበሩ ስም ማንም ቢመጣ፣ ከእኔ እጅ በቀር እንዳትሰጡ» ሲል ሰምቻለሁ። የመጨረሻዋን የት እንዳደረሳት ግን አላየሁም። ከዚያ ውጫሌ የቀሩትን የማኅበሩን ልጆች ላውጣ ብሎ ሄደ፤ ይኸው ስድስት ወሩ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ በሚባልበት አገር ይህን ቃል ማን ይሰብረዋል? አንዷን መኪና የያዙት ሼህ ኑርዬ ቤት በንዴት ገባሁ።

«ጋሪውን ስነዳ አላዩኝም እንዴ?»

«ወላሂ ልጄ፣ አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። አማና ነው። አያሌው ይምጣና ዛሬውኑ ይውሰድ።»

«ባይመጣስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሙቶ እንደሆን ወራሹ እናቱ ናት። እሷ ትቀበለኝ።»

ሌሎቹም ያሉኝ ይህንኑ ነው። እናቱ እማማ ባንቺአየሁ ግን ልጄ ሞቷል ብለው አያውቁም። አብሮት የነበረ ሰው ሲወድቅ አየሁት ቢላቸው በር ዘጉበት፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ ሟርተኛ ብለው መለሱ።

እሳቸው ዘንድ ሄድሁ። አፈርሁ፣ ግን ሃያ አራት ሴት ልጆች ከእነዚያ መኪኖች ሌላ እንጀራ የላቸውም። የሼህ ኑርዬን ቃል እንደወረደ ነገርኋቸው። እማማ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ምላሴን ረገምሁት።

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩን በር ልከፍት ስመጣ እማማ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ማታውኑ በየቤቱ ልከው ኖሮ፣ ሼህ ኑርዬ የያዟትን መኪና በአህያ ጭነው መጡ።

«ልጄ ሙቷል። አደራውን ለእኔ» አሉ እማማ።

ሼህ ኑርዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እንባቸው በጺማቸው ወረደ። እሳቸውን ጨምሮ ሰባት ሰው መጣ፤ እማማ ለሁሉም ያንኑ ደገሙ። ሰባተኛው ሲመጣ ግቢው ለቅሶ ቤት ሆኗል።

የድርጅቱ ሰው አቶ ሽታው ይህን ጊዜ ደረሱ። ነገሩን በጆሯቸው ነገርኋቸው። መኪኖቹን ቆጠሩ።

«ስምንተኛዋስ?»

«አልጋዬ ሥር ናት» አሉ እማማ። «ለእኔም ‹ከእኔ እጅ በቀር እንዳትሰጪ› ብሎኛል። የሰውን አደራ ተቀበልሁ፤ የራሴን ለማን ልስጥ ልጄ?»

አቶ ሽታው ወረቀታቸው ላይ ስምንት ብለው ጻፉና ከለቅሰኛው ጋር ተቀመጡ። መኪናዋ ዛሬም እዚያው ናት፤ የጠየቃቸው የለም።