ሳሙና የሚቀባው መስኮት

ልብስ ሰፊው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሥራ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሚስቱ፣ ሴት ልጁ፣ እህቱና ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። አንዲት ወፍ መስኮቱን ስትመታ አራቱም ዞረው አዩ።

ጭብጥ የማትሞላ ግራጫ ወፍ ናት። መስታወቱን በምንቃሯ ቋ፣ ቋ አድርጋ ትመታና ወደ ዛፉ ትመለሳለች። ደግሞ ትመጣለች። ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ናት።

«እሱ ነው» አለች እህቱ በሹክሹክታ። «ቤቱን ሳይጠግብ ሄዶ ነው፣ ወንድሜ።»

«እሱማ አይደለም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሃያ ዓመት ሱቄ ሲመጣ አንድ ቀን አንኳኩቶ አያውቅም።»

ሚስቱ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከቀብሩ ወዲህ ምንም አልቀመሰችም ነበር። ሻይ እንኳ የጠጣችው ትናንት ወፏ ከመጣች በኋላ ነው። ልጇም ይህን አይታ ወፏን ማባረር ፈራች።

ቀረብ ብላ ስታይ ግን መስታወቱ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ወፏ ላባዋን አቁማ የገዛ መልኳን ትወጋለች።

ልጅቷ ያን ጊዜ ትዝ አላት። አባቷ ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወር ሁሉ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት ሲያደርግበት የተረፈውን የሳሙና ስባሪ መስኮቱ ላይ ይለቀልቅ ነበር።

«አባዬ፣ መስኮትህ እኮ ዓይኑ ሞራ የጣለበት ሰው መሰለ!» ትለው ነበር።

«ተይው፣ ሰላም ይሰጣል» ይላል፣ ስፒሉን ከአፉ ሳያወጣ።

ሰላሙ ለማን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። በቀብሩ ዋዜማ፣ ለቀስተኛ ይመጣል ብላ ሳሙናውን በምላጭ ፍቃ አጸዳችው።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። «ወፏ ሌላ ወፍ ያየች መስሏት ነው። ሳሙናውን እኔ…»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «ስትፍቂው አይቼሻለሁ። ትንሽ ቀን እሱ ይሁንልኝ ብዬ ነው።»

ወፏ እንደገና መታች።

እናትየው ተነሥታ ከስፌት መኪናው መሳቢያ የሳሙና ስባሪ አወጣች። በምራቋ አርጥባ ከላይ ወደ ታች መቀባት ጀመረች። መጨረሻው ጥግ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጥጉንም ቀባችው።

ወፏ አንድ ጊዜ መጥታ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አረፈች፤ ሳትመታም ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ለቀስተኞች መጡ።